ሻንሲው ከባሕር ማዶ፣ አካሉ ከእኛ፦ የአውቶቡስ አካል ሠሪዎች ታሪክ ከጋፋት እስከ ቅጥቅጥ
(በደብረ ታቦር ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርዕሴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። በታሪክ መድረክ ላይ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ገዳማትና ስለ መሬት ሥሪት ብዙ ተብሏል፤ ስለ አውቶቡስ ግን እምብዛም አልተነገረም። ይሁንና በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል በቤተ መንግሥት ደጅ የቆመ ጥቂት ነው፤ በመናኸሪያ ያልቆመ ግን ያለ አይመስለኝም።

አንድ አውቶቡስ ሁለት ታሪክ አለው። አንደኛው የሻንሲው ታሪክ ነው። ሻንሲ ስል ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ባሌስትራውንና ጎማውን የያዘውን የብረት አጥንት ማለቴ ነው። ሁለተኛው የአካሉ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ወለሉ፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መስኮቱና ወንበሩ፣ በአጭሩ ተሳፋሪው የሚገባበት ቤት ነው። የሻንሲው ታሪክ በፋብሪካ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። የአካሉ ታሪክ ግን በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ከሠሪው ጋር ይቀበራል። መከራከሪያዬ አጭር ነው፤ የመንገደኛውን ምቾት ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይህ ያልተጻፈው ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጭውን ዓለም ጉዳይ ሳነሣ እ.ኤ.አ. ብዬ እለያለሁ።

መንኰራኵር ከሞተር በፊት

በዚህ ምድር የከባድ ተሽከርካሪ ታሪክ በሞተር አይጀምርም። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚህ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችና አብረዋቸው የሠሩት ኢትዮጵያውያን መድፍ ብቻ አላቀለጡም፤ መድፉን የሚሸከመውን ሠረገላም ሠርተዋል። ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል እንደሚመዝን ይነገራል። ይህን ያህል ክብደት በጀርባው የሚሸከም የጭነት ከብት የለም፤ መንኰራኵር ግድ ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋይንትንና ጨጨሆን አልፈው፣ የዋድላንና የደላንታን አምባ አቋርጠው፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። በበቅሎ የቀናት ጉዞ የሆነው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ፤ መንገዱ ለመንኰራኵሩ ሲባል እየተሠራ ነበርና። ድንጋዩ ይፈለጣል፣ ቁልቁለቱ ይደለደላል፣ ሠረገላው በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት ይሳባል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በአንጻሩ ከሰሜን ይገሰግስ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ከባድ መድፎቹን ለማጓጓዝ ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ተጠቅሟል። ታላቁ የኢንዱስትሪ መንግሥት መድፉን በእንስሳ ጀርባ ሲጭን፣ የቴዎድሮስ ሠራዊት ግን በጋይንት ተራሮች ላይ ሠረገላ ይጎትት ነበር።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የጋፋት አውሮፓውያን ስም ተጽፏል፤ ዋልድማየርን፣ ሞሪትዝ ሆልን፣ ሌሎቹንም በመጻሕፍት እናገኛቸዋለን። የሠረገላውን ግንድ የጠረበው አናጢ፣ ብረቱን በመዶሻ የቀጠቀጠው የአገሬው ቀጥቃጭ ግን ስም የለውም። ይህ ዝምታ ወደ ፊት በተደጋጋሚ ይገጥመናል።

የእንግሊዞች ልማድ፦ ሻንሲ ለብቻ፣ አካል ለብቻ

ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ የተሰኘውን የአገሩን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን እየነዳ ለዐፄ ምኒልክ አደረሰ። የእንግሊዝን የአውቶቡስ ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣቴ ግን ስለዚህ መኪና ብቻ አይደለም። የሥራ ክፍፍላቸው የእኛን ታሪክ ለማንበብ ጥሩ መስተዋት ስለሚሆንልኝ ነው።

በእንግሊዝ አገር ሻንሲ የሚሠራው ድርጅትና አካል የሚሠራው ድርጅት ለረጅም ዘመን የተለያዩ ነበሩ። ሌይላንድ እ.ኤ.አ. በ1896 የእንፋሎት ተሽከርካሪ በመሥራት ጀመረ፤ ለለንደን አውቶቡሶች ሻንሲ በማቅረብ የታወቀው ኤ.ኢ.ሲ. በ1912 ተቋቋመ፤ ቤድፎርድ በ1931 ተከተለ። የአውቶቡስ ባለቤት ከእነዚህ አንዱን ሻንሲ ይገዛና ወደ አካል ሠሪ ይወስደዋል። አካል ሠሪዎቹ ብዙዎቹ የፈረስ ሠረገላ ሲሠሩ ከነበሩ ወይም ከእንጨት ሙያ ከመጡ ቤቶች የወጡ ነበሩ። አጥንቱን ከጠንካራ እንጨት ያቆማሉ፤ በላዩ ላይ ላሜራ ይለብጣሉ። በስካርቦሮ ፕላክስተን፣ በለንደን ዱፕል፣ በስኮትላንድ አሌክሳንደር የተባሉት ቤቶች በዚህ ሙያ ስም አትርፈዋል።

የዱፕል አጀማመር ለእኛ ትምህርት አለው። ሄርበርት ኋይት የተባለው መሥራቹ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1919 ሲያቋቁም መነሻው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የፎርድ መኪኖች ነበሩ። በሻንሲው ላይ የሠራላቸው አካል በሥራ ቀን ዕቃ መጫኛ፣ በዕረፍት ቀን የቤተሰብ መጓጓዣ የሚሆን ነበር። ዱፕል የሚለው ስምም የወጣው ከዚሁ የሁለት አገልግሎት ሐሳብ ነው። በዚያው ዘመን ከጦር ሜዳ የተመለሱ ብዙ ወታደሮች የሠራዊቱን ትርፍ የጭነት መኪና ገዝተው የተሳፋሪ አካል በማስገጠም የመንደር አውቶቡስ ጀመሩ። የእንግሊዝ ገጠር የአውቶቡስ አገልግሎት አንድ ሥሩ በጦርነት ቅሪት ላይ ያረፈ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ቤድፎርድ ኦ.ቢ. የተባለው አነስተኛ ሻንሲ ብዙ ጊዜ የዱፕልን አካል ለብሶ የእንግሊዝ መንደሮች ዓይነተኛ አውቶቡስ ሆነ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1951 እስኪያበቃ ድረስ ከ12,000 በላይ ተመርቷል። ይሁን እንጂ ለዛሬው ጉዳዬ ከቁጥሩ ይልቅ እ.ኤ.አ. የ1930ው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ይበልጥብኛል። ያ ሕግ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ ለአገልግሎት ብቁ መሆኑ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው አስገደደ። አካል ሠሪዎቹም በሥራቸው ላይ የስማቸውን ሰሌዳ የመለጠፍ ልማድ ነበራቸው። ተሳፋሪው ቀና ብሎ ቢያይ የተቀመጠበትን ቤት ማን እንደሠራው ማንበብ ይችል ነበር።

ጠላት ጥሎት የሄደው መኪና

ወደ አገራችን እንመለስ። ሞተር ያለው ተሽከርካሪ በብዛት ወደ ጎንደር ምድር የገባው በወረራ ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የስታራቼ ባለ መኪና ጦር ጎንደር ገባ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. የጣልያን የመጨረሻው ምሽግ በጎንደር ሲወድቅ ወራሪው በየቦታው የተወው መኪናና መለዋወጫ፣ የከፈተው ጋራዥና ያሰለጠናቸው ረዳቶች ቀሩ። በአዲስ አበባ ኋላ አንበሳ የተባለው የከተማ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተጠቀመው በዚሁ በተማረከ ተሽከርካሪ ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች ከአንደኛው ጦርነት በኋላ ያደረጉትን እኛ ከድል በኋላ አደረግነው፤ ከጦርነት ቅሪት የተሳፋሪ መኪና አወጣን።

ይህን ታሪክ የሚመሰክር ማኅደር ብትጠይቁኝ የመካኒኩን አፍ እጠቁማችኋለሁ። ጋቢና፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቼርኪዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በጣሪያው ላይ ዕቃ የሚታሰርበት ፖርቶመጋላም እንዲሁ። ላሜራ የሚቀጠቅጠው ባለሙያ ራሱ ባትላሜራ ይባላል፤ ቃሉ በጣልያንኛ «ላሜራ መቺ» ማለት ነው። ሙያው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ኢትዮጵያዊው ረዳት ቃሉን ከመዶሻው ጋር ተቀበለ፤ ጌታው ሲሄድ ጋራዡን ወረሰ።

ታዲያ እንግሊዞች አገሪቱን ነፃ ለማውጣት አብረው ተዋግተው፣ ለጥቂት ዓመታትም በአስተዳደሩ ውስጥ ትልቅ ሥልጣን ይዘው ሳለ አውቶቡሳቸው በእኛ ዘንድ ሥር ያልሰደደው ለምንድን ነው? የጣልያን ጋራዥና መለዋወጫ ቀድሞ መቀመጡ አንዱ ምክንያት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው አምቼም ከፊያት ጋር የተሳሰረ ነበር። ሌላው የመንገድ አቅጣጫ ይመስለኛል። እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ተሽከርካሪ የሚነዳው ግራውን ይዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቀኝ ተለወጠ። ለእንግሊዝ መንገድ የተሠራ አውቶቡስ በሩ በግራ ጎኑ ነው፤ በቀኝ በሚነዳ አገር ተሳፋሪውን የሚያወርደው ወደ አስፋልቱ መሐል ነው። የአካል አሠራር ተራ የውበት ጉዳይ አለመሆኑን ከዚህም እንረዳለን።

አንድ የእንግሊዝ ተሽከርካሪ ግን ከዚህ ችግር ነፃ ነበር፤ ላንድሮቨር። የረጅሙ ላንድሮቨር ተሳፋሪ የሚገባው ከኋላ ስለሆነ በቀኝ ይነዳ በግራ ግድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር ከጦርነቱ በኋላ ብረት እጥረት ስለነበረ አካሉ ከአልሙኒየም ቅልቅል ተሠራ። ይህ አካል እንደ ተራ ብረት አይዝግም፤ ሲጎብጥም በመዶሻ ይቃናል። አውቶቡስ በማይደፍረው የገጠር መንገድ በብዙ ክፍለ ሀገራት ሰው ያመላለሰው ይህ መኪና ነው። በልጅነቴ «መኪና መጣ» ሲባል በዓይነ ኅሊናዬ የሚታየኝ አውቶቡስ አልነበረም፤ ከኋላው ፊት ለፊት በተገጠሙ አግዳሚዎች ላይ ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጠው የተቀመጡ ሰዎች የሞሉበት ላንድሮቨር ነበር።

ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ፦ መንገዱ የቀረጸው አካል

የምሥራቅ ደቡብ ጎንደርን መልክዓ ምድር ለእናንተ መግለጽ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ከአንድ ወገን፣ የበሽሎ ገደል ከሌላ ወገን ያጥሩናል። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ዓርብ ገበያ ስሟ ራሱ የጉዞ መርሐ ግብር ነው፤ መኪናው የገበያውን ቀን ይከተላል።

ዋናውን መንገድ ያገኘነው ከሩቅ ወዳጅ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ በመጣው የቻይና ድጋፍ፣ በደርግ ዘመን በቻይና ባለሙያዎችና በአገሬው ጉልበት ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ተሠራ፤ ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይባላል። ከጋይንት በጨጨሆ በኩል ወደ ወሎ ሲሻገር የቴዎድሮስ ሠረገላ ያለፈበትን አቅጣጫ ይከተላል። ለረጅም ዓመታት ጠጠር ሆኖ ቆይቶ ኋላ አስፋልት ለበሰ። ወደ ዓርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ የሚወስዱት መንገዶች ግን የጠጠሩን፣ የጭቃውንና የአቧራውን ዘመን ከዋናው መንገድ እጅግ ዘግይተው ነው የሚሻገሩት።

በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ለአስፋልት የተሠራ ረጅም አውቶቡስ ምን ያደርጋል? ጠመዝማዛው አያዞረውም፤ ሆዱ ድንጋይ ይነካል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የትራንስፖርቱ ገበያ ለግል ባለሀብት ሲከፈት መልሱ ከጋራዥ መጣ። ባለሀብቱ የጃፓኑን አይሱዙ የጭነት መኪና ይገዛል፤ ባለሙያው የጭነት ሣጥኑን አውርዶ በሻንሲው ላይ የተሳፋሪ ቤት ይሠራለታል። ሕዝቡም ስሙን ቅጥቅጥ አለው።

ይህ ስም ብዙ ነገር ይናገራል። እንግሊዞች አውቶቡሳቸውን በሻንሲው ፋብሪካ ወይም በአካል ሠሪው ድርጅት ስም ይጠሩታል። እኛ ግን የጠራነው በተሠራበት ድርጊት ነው፤ ተቀጥቅጦ የተሠራ ማለታችን ነው። የሠሪው ስም ባይታወቅም የመዶሻው ድምፅ በስሙ ውስጥ ቀርቷል።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። መጀመሪያ በሻንሲው ላይ የወለሉ ተሸካሚ ብረቶች ይታሰራሉ። ከዚያ የጎን ቋሚዎችና የጣሪያ ቀስቶች በቱቦላሬ ብረት በብየዳ ይቆማሉ። ላሜራው እየተቆረጠ፣ በመዶሻ ቅርጽ እየያዘ ይለበጣል። ውስጡ በኮምፔርሳቶ ይሸፈናል፣ ወንበሩ ይታሰራል፣ ስንጥቁና ጉብታው በስቱኮ ይሞላል፣ ከዚያ ቀለሙ ይረጫል። በመጨረሻ በጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ይገጠማል፤ የገጠሩ ተሳፋሪ ከነእህሉ፣ ከነማሩና ከነዶሮው ነውና የሚጓዘው። ለመጥፎው መንገድ ሲባል ባሌስትራው ተጨማሪ ቅጠል ሊደረብለት ይችላል። ብዙ ጊዜ ያለ ንድፍ ወረቀት፣ በዓይን ልክና በልምድ የሚከናወን ሥራ ነው።

እንዲህ ያለው ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በፓኪስታን የእንግሊዙ ቤድፎርድ የአገሬውን አካል ለብሶ በቀለምና በጌጥ ተንቆጥቁጧል። በማልታ ደሴት የቤድፎርድና የሌይላንድ ሻንሲዎች የደሴቲቱ ባለሙያዎች የሠሩትን አካል ለብሰው እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ አገልግለዋል። ልዩነቱ ከጡረታቸው በኋላ ያለው ነው። የማልታ አሮጌ አውቶቡሶች በከፊል ተጠብቀው የአገር ቅርስ ሆነዋል፤ የእኛ አሮጌ መኪና ሲያልቅ ተበልቶ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ይሄዳል፤ ከእርሱም ጋር አንድ ትውልድ ያካበተው ዕውቀት ይቀልጣል።

ስም የሌለው እጅና የመንገደኛው ሕይወት

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስኩ። የጭነት መኪና ሻንሲ፣ ፍሬኑና መሪው የተሠሩት ለተወሰነ ክብደትና ለተወሰነ ከፍታ ነው። በላዩ ላይ ከፍ ያለ ቤት ስንሠራ፣ በጣሪያውም ዕቃ ስንጭን የክብደቱ መሐል ወደ ላይ ይወጣል። በሜዳ ላይ ይህ ብዙ አይታወቅ ይሆናል፤ በጨጨሆ ቁልቁለት ኩርባ ላይ ግን ይታወቃል። መኪናው ከተገለበጠ ተሳፋሪውን የሚያተርፈው ወይም የሚቀብረው ያ የጎን ቋሚና ያ የጣሪያ ቀስት፣ ያ የብየዳ ነጥብ ነው። በአውሮፓ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣው ቁጥር 66 ደንብ የሚለው ይህንኑ ነው፤ አውቶቡስ ቢገለበጥም ለተሳፋሪው በሕይወት የሚተርፍበት ስፍራ ሳይደፈጠጥ መቅረት አለበት።

የአንድን ቅጥቅጥ ሊብሬ ገልጣችሁ ተመልከቱ። የሻንሲው ቁጥር አለ፣ የሞተሩ ቁጥር አለ፣ የባለቤቱ ስም አለ። ተሳፋሪው የተቀመጠበትን ቤት የሠራው ባለሙያ ስም ግን የለም። አደጋ ሲደርስ የምንሰማው ስለ ሾፌሩ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አካሉ ለምን እንደ ወረቀት ተጣጠፈ ብሎ የሚጠይቅ አይሰማም፤ ጥያቄው የሚደርሰው ስም የለምና። የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ ዝምታ ብልሹውን ሠሪ እንደሚሸሽግ ሁሉ ጥሩውንም መቅበሩ ነው። ብየዳውን ሁለት ጊዜ የሚፈትሽ፣ ቋሚውን ያላጎደለ ባትላሜራ ተሳፋሪ ቢያተርፍ ማንም አያመሰግነውም።

ለዚህ ሐሳብ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ስም ይጻፍ፣ ምርመራ ይጠንክር ብንል ትንንሾቹ ጋራዦች ይዘጋሉ፤ የገጠሩ ሕዝብም መኪና ያጣል የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ቅጥቅጥ ባይኖር ኖሮ ከስማዳ ቆላ የምትመጣ ነፍሰ ጡር ወደ ሆስፒታል በምን ትደርስ ነበር? ስለዚህ የምለው ይከልከል አይደለም። ከልካይ ሕግ ሥራውን ወደ ጓሮ ይገፋዋል፤ የሚጠይቅ ሕግ ግን ወደ አደባባይ ያወጣዋል። እንግሊዞች በ1930 የመረጡት ሁለተኛውን ነው፤ አካል ሠሪውን አላጠፉትም፤ ሥራው እንዲመረመር አደረጉ።

ሦስት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የተሳፋሪ አካል የሠሪው ጋራዥ ስምና የተሠራበት ዓመት የተቀረጸበት ትንሽ ሰሌዳ ይኑረው፤ በሊብሬውም ይመዝገብ። ወጪው ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ የምሕንድስና መምህራኖቻችን ከባትላሜራዎቹ ጋር ይቀመጡ፤ ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለመማርም። የቻይናን መንገድ፣ የእስቴን ጭቃና የጉናን ብርድ የሚያውቀው እጅ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ዕውቀት አለው፤ የስሌቱን ሳይንስ ቢያገኝ አካሉ ይጠነክራል። ሦስተኛው ለእናንተ ለታሪክ ተማሪዎች ነው። ለዕረፍት ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ስትሄዱ የመጀመሪያው መኪና መቼ እንደገባ፣ ማን እንደነዳው፣ ማን እንደጠገነው ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ስማቸውን ጻፉ። የመጀመሪያዎቹን መኪኖች ያዩ ዓይኖች እየተከደኑ ነው።

የጋፋትን ቀጥቃጭ ስም ዳግመኛ አናገኘውም፤ 150 ዓመት አልፎታል። ዛሬ በጋራዡ ቆሞ ላሜራ የሚቀጠቅጠው ሰው ግን ስልክ ቁጥር አለው፣ ልጆች አሉት፣ ቡና ቢጋበዝ ያወራል። እርሱን ሳንጽፍ ካለፍን ጥፋቱን በጥንት ጸሐፊዎች ልናላክክ አንችልም።